ሰኞ፦ ስለ ስሙ፣ ስለ ጾሙና ስለ ገበያው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወሎ ውስጥ ሰኞ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ባቲ ይገበያል። አንዱ ጎረቤት ሱና ይጾማል፣ ሌላው ዳዊቱን ከመዝሙር 1 ይጀምራል። ዓርብ ዕለት «ሰኞ ና» ተብሎ የተመለሰ ባለጉዳይ ሁሉ ደግሞ ጠዋት በየቢሮው በር ላይ ይሰለፋል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬ ሲደራ ስለዚህ ቀን የሚነሱ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን እነሆ።

«ሰኞ» ምን ማለት ነው?

ሁለተኛ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀን። ስሙ የመጣው ከግእዙ «ሰኑይ» ነው።

ቆጠራው የሚነሳው ከእሑድ ነው። እሑድ ራሱ ከ«አሐዱ»፣ ከአንድ የወጣ ስም ነው። ከዚያ ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እያለ እስከ አምስት ይሄዳል። ሐሙስ ላይ ቁጥሩ ያበቃል። ዓርብ «ፀሐይ ዐረበች» ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ ሰንበት ሊገባ የሚመሽበት ቀን። ቅዳሜ ደግሞ «ቀዳሚት ሰንበት» ናት፣ ከእሑድ የምትቀድመው ሰንበት።

ትግርኛ ተናጋሪ ወዳጅ ካላችሁ ሰኞን ምን እንደሚለው ጠይቁት። ዛሬም «ሰኑይ» ነው የሚለው።

በግእዝ ሁለት «ክልኤቱ» አይደል እንዴ? ታዲያ ሰኑይ ከየት መጣ?

ይህን የሚጠይቅ ሰው የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ነው። እውነት ነው፣ ግእዝ ሲቆጥር ክልኤቱ ይላል። ግን ሁለተኛነትን የሚናገር ሌላ የቆየ ሥርም አለው። «ሳኒታ» የሚለው ቃል ከዚያው ሥር ነው፤ ማግሥቱ ማለት ነው። የግእዝ ወንጌል «ወበሳኒታ» ሲል «በማግሥቱም» ማለቱ ነው።

ይኸው ሥር በዘመድ ቋንቋዎችም አለ። ዐረብኛ ሁለትን «ኢሥነይን» ይላል፣ ሰኞንም «የውም አል-ኢሥነይን»። ዕብራይስጥ ሁለትን «ሽናይም»፣ ሰኞን «ዮም ሼኒ» ይላል። ስለዚህ ደሴ ላይ ኡስታዙ ስለ የውም አል-ኢሥነይን ሲያስተምሩና ቄሱ ስለ ዕለተ ሰኑይ ሲያስተምሩ፣ የሚጠሩት ቀኑ ብቻ ሳይሆን ስሙም አንድ ነው።

ሰኑይ እንዴት ሰኞ ሆነ?

«ነ» እና «የ» አማርኛ አፍ ውስጥ ሲገናኙ «ኘ» ይወጣል። ግእዝ «ነገረኒ» የሚለውን እኛ «ነገረኝ» እንላለን። የሰኑይም «ኑይ» ተጨፍልቆ «ኞ» ሆነ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ማክሰኞስ? ለምን «ሠሉስ» አላልነውም?

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ ነው። ማክሰኞ «ማግሥተ ሰኞ» ነው፤ የሰኞ ማግሥት። «ግ» ከ«ስ» በፊት ሲመጣ ምላስ «ክ» ያደርገዋል። «ት»ውም መሀል ላይ ይዋጣል። በፍጥነት «ማግሥተ ሰኞ፣ ማግሥተ ሰኞ» ብላችሁ ደጋግሙት፤ ከአፋችሁ ማክሰኞ ሲወጣ ትሰሙታላችሁ።

ነገሩን ልብ በሉት። እሑድ፣ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ የራሳቸውን ቁጥር ይዘው ቀሩ። ማክሰኞ ብቻ የራሷን ሦስት ጥላ በሰኞ ስም ተጠራች። ትግርኛ «ሰሉስ» ብሎ ሲጠብቃት አማርኛ የሰኞ ጎረቤት አደረጋት። እንደኔ እንደኔ ይህ የሚያሳየው አማርኛ ተናጋሪው ሳምንቱን ሲያስብ ሰኞን እንደ ችካል መትከሉን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የሚለካው ከዚያ ችካል ነው።

ደግሞም ከላይ እንዳልነው «ሳኒታ» ራሱ ማግሥት ነው። ስለዚህ ማክሰኞን እስከ ሥሩ ከቆፈርነው የማግሥት ማግሥት ይሆናል። ለቅኔ ተማሪ የሚመች ነገር ነው።

ታዲያ ሰኞ የሳምንቱ መጀመሪያ ነው ወይስ ሁለተኛ ቀን?

በስሙ ሁለተኛ ነው። በኑሮ ግን መጀመሪያ ሆኗል። ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ፣ ሁሉም ሳምንቱን የሚከፍተው በሰኞ ነው። የዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደረጃም ሳምንቱን የሚጀምረው ከሰኞ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካሌንደር አንዳንዴ ከእሑድ፣ አንዳንዴ ከሰኞ የሚጀምረውም በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው፤ ከሴቲንግ ውስጥ ይቀየራል።

ሌሎቹም እንዲሁ ተከፋፍለዋል። ግሪኮችና ፖርቹጋሎች እንደኛ «ሁለተኛ» ብለው ይጠሩታል። ቻይናዎች «አንድ» ይሉታል። እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ቁጥሩን ትተው ለጨረቃ ሰጥተውታል፤ ከሮማውያን «የጨረቃ ቀን» የወረደ ነው። የኛ ሰኞ ከጨረቃ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ሳምንት 7 ቀን ሆኖ ሳለ ስሙ ለምን ከስምንት መጣ?

አባቶች ሲቆጥሩ የተነሱበትንም የደረሱበትንም ቀን ስለሚቆጥሩ ነው። ከሰኞ እስከ ሰኞ በጣታችሁ ቁጠሩ፤ 8 ይመጣል። የገበያ ሰው «ሰኞ ለሰኞ» ሲል የሚያስበው በዚሁ ነው።

ሰኞ በቤተ ክርስቲያን ምን ቦታ አለው?

ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን ያህል ቦታ አለው። በሥነ ፍጥረት ትምህርት እግዚአብሔር በስድስት ቀን 22 ፍጥረታትን ፈጠረ ይባላል። እሑድ 8፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ 4። ሰኞ አንድ ብቻ ነው፤ ጠፈር። ውኃው ከላይና ከታች የተከፈለበት ቀን ነው። በቁጥር ያነሰ ይመስላል። ግን ቀና ብለን የምናየው ሰማይ በሙሉ የሰኞ ሥራ ነው።

በጸሎት መጽሐፍም ሰኞ ፊት ነው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀናት ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚመጣው የሰኞው ነው፤ «ፈቀደ እግዚእ» ብሎ የሚነሳው። ዳዊትም እንደዚሁ ለቀናት ተከፋፍሎ ሲደገም የሰኞ ድርሻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰኞ የጾም በር ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ የበዓልና የጾም ቀን በሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ሦስት አጽዋማት ከሰኞ አይወጡም፦ ጾመ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት። ቀናቸው በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መግቢያቸው ግን ሁሌም ሰኞ ነው። በየዓመቱ «ዘንድሮ ጾም መቼ ይገባል?» የሚል ሰው የሚጠይቀው የትኛው ሰኞ እንደሆነ ነው እንጂ የትኛው ቀን እንደሆነ አይደለም። ከቅበላው እሑድ ማታ በኋላ ድስቱ ታጥቦ፣ ቅቤው ተከድኖ የሚያድረው ለዚህ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ያለው ሰኞ መርገመ በለስ ይባላል፤ ጌታ ፍሬ ያጣባትን በለስ የረገመበት ነው። ከፋሲካ ማግሥት ያለው ሰኞ ደግሞ ማዕዶት ይባላል፤ መሻገሪያ። በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ሰኞዎች፤ አንደኛው በስግደት፣ ሌላኛው በዶሮ ወጥ።

ሙስሊም ጎረቤቶቼ ሰኞ የሚጾሙት ለምንድን ነው?

ሰኞና ሐሙስ መጾም ሱና ነው። ግዴታ አይደለም፣ እንደ ረመዳን አይደለም። የሚችል ይጾማል፣ ምንዳ ያገኝበታል።

ሰኞ የተለየበት ምክንያት አለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሰኞ ጾም ሲጠየቁ የተወለዱበትና ወሕይ (መለኮታዊ ራእይ) የወረደላቸው ቀን መሆኑን መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም፣ በታወቀው የሐዲስ መድበል፣ ሰፍሯል። የሰው ሥራ ሰኞና ሐሙስ ወደ አላህ እንደሚቀርብ የሚናገር ሐዲስም አለ። ነቢዩ ጾመኛ ሆነው ሳሉ ሥራቸው እንዲቀርብ ይወዱ ነበር። ያረፉትም ሰኞ ቀን ነው።

ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት ቡና አፍልታችሁ ስትጠሩ እትዬ ዘሃራ «እናንተ ጠጡ፣ እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ» ቢሉ አትቀየሙ። ከመግሪብ በኋላ ጥሯቸው። ቴምር ቀድማችሁ ካቀረባችሁማ ምርቃቱ እስከ ልጅ ልጅ ይደርሳል።

መውሊድ ሁሌም ሰኞ ነው ማለት ነው?

አይደለም። መውሊድ የሚከበረው በረቢዕ አል-አወል 12 ነው፤ ወሩ የጨረቃ ስለሆነ በየትኛውም ቀን ሊውል ይችላል። ለመውሊድ ወሎ ውስጥ ወዳለው ጀማ ንጉሥ የሚሄድ ሰው የሚያየው የጨረቃውን ወር ነው እንጂ ሰኞን አይደለም። ሰኞን በየሳምንቱ የሚያስታውሱት ጿሚዎቹ ናቸው።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ቤት ድግስ ቢኖረው የትኛው ቀን ይሻላል?

እዚህ አገር የምር የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ወሎ ውስጥ አጎት ሙስሊም፣ አክስት ክርስቲያን የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

እንቁጠር። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኑ ይጾማል። ሰኞና ሐሙስ ከሙስሊሙ ወገን ሱና የሚጾም ይኖራል። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ጁምዓ አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። የቀሩት ማክሰኞና ቅዳሜ ናቸው። ቅዳሜ ሥራ የሌለው ሰው ስለሚበዛ ሠርግና ድግስ ወደዚያ ይጎርፋል። ለትንሽ ነገር፣ ለልጅ ምርቃት ወይም የታመመ ተሽሎት ለሚደረግ ምሳ ግን ማክሰኞን አትናቋት። ሥጋው እንደ ደንቡ ለየብቻ ቢታረድም፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚበላበት ቀን እሷ ናት። የረዥሙ ጾም ወቅትና ረመዳን ከሆነ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም።

ደሴ ያለው «ሰኞ ገበያ» ስሙ ከዚህ ቀን ነው?

አዎ። ሰፈሩን የሰየመው የገበያው ቀን ነው። ዛሬ ታክሲው ውስጥ «ሰኞ ገበያ ወራጅ» የሚለው ሰው ሐሙስም ቢሆን እንደዚያው ይላል።

ይህ በአማራ አገር ሁሉ ያለ ልማድ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ ሰንበቴን ታልፋላችሁ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ሸዋ ሮቢትን። ወደ ጎንደር ብትሄዱ ማክሰኚት አለች፣ ሐሙሲት አለች፣ አርብ ገበያ አለ። ካርታውን ዘርግቶ ሳምንቱን ማንበብ ይቻላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አጎራባች ከተሞች በአንድ ቀን ከተገበያዩ ነጋዴው አንዱን ያጣል፣ ገበሬውም ገዢ ያጣል። ስለዚህ ቀናቱን ተከፋፈሏቸው። ነጋዴው አህያውን፣ አሁን አሁን አይሱዙውን ጭኖ ከገበያ ገበያ ይዞራል። በስምንተኛው ቀን ከተነሳበት ይደርሳል።

የባቲ ገበያ ለምን ሰኞ ሆነ? መቼስ መሄድ ይሻላል?

ቀኑን ማን እንደቆረጠው ከመጠየቅ ይልቅ ቦታውን ማየት ይሻላል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ ሚሌ ወርዶ ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። ደጋውና ቆላው የሚገናኙበት በር ላይ ነው የተቀመጠው። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ይወጣል። ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል። ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ በሦስት ቋንቋ ይከራከራሉ፤ ዋጋው ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ይግባባል። ከአገሪቱ ትልልቅ ሳምንታዊ ገበያዎች አንዱ ነው። የባቲ ቅኝትም ስሙን የሚጋራው ከዚህችው ከተማ ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሰኞ በጠዋት ከኮምቦልቻ ተነሱ። ባቲ ቆላ ናት፤ ፀሐይዋ ከከረረች በኋላ ግመል መመልከት ቀርቶ ጥላ ፍለጋ ትዞራላችሁ። በጠዋት ግን የግመል ተራው ድምቅ ይላል። ገዢው የግመሉን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን በመዳፉ ይጫነዋል፣ ትንሽ ያስረምደዋል። ሻጩ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ምንም እንዳልጓጓ ሆኖ ይቆማል። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አስፈቅዱ።

«ለሰኞ አጥቢያ» ሲባል እሑድ ማታ ነው ወይስ ሰኞ ማታ?

እሑድ ማታ መሽቶ ሰኞ ሊነጋ ያለው ሌሊት ነው። «አጥቢያ» እዚህ ላይ «ሊነጋጋ ሲል» ማለት ስለሆነ የሚነጋውን ቀን ነው የሚጠራው።

ችግሩ የሚመጣው «ሰኞ ሌሊት» ሲባል ነው። በቤተ ክርስቲያንም በእስልምናም ቀን የሚገባው ሲመሽ ነው፤ ስለዚህ ለነሱ እሑድ ከመሸ በኋላ ያለው የሰኞ ሌሊት ነው። በተራው ሰው አነጋገር ግን ሰኞ የሚጀምረው ሲነጋ ነው፣ ሌሊቱም ተከትሎ የሚመጣው ነው። ስልኩ ደግሞ በፈረንጅ ቆጠራ ቀኑን የሚለውጠው በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ሰኞ ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ «ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እደርሳለሁ» ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት። «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሻንጣ ይዞ ብርድ ላይ ከማስቆም ይሻላል።

የልጆች ጨዋታ «ሰኞ ማክሰኞ» ከቀኑ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሳጥኖቹ የሚጠሩት በቀናት ስም ነው። መሬት ላይ በጠመኔ ወይም በከሰል ይሰመራል። ቆርኪ ወይም ጠፍጣፋ ጠጠር ይጣላል፣ በአንድ እግር ይዘለላል፣ መስመር የረገጠ ይወጣል። ልጆቹ ቆጠራውን የሚጀምሩት ከሰኞ ነው እንጂ ከእሑድ አይደለም። ግእዝ አልጠየቁም።

«ከሰኞ ጀምሮ» የሚባለው ነገር መድኃኒት አለው?

ሲጋራ፣ ጫት፣ ስኳር፣ ስፖርት፣ ሁሉም የሚቆመውም የሚጀመረውም ሰኞ ነው። ቅዳሜ የተሳለ ስለት ሰኞ ላይ ሲደርስ ለቀጣዩ ሰኞ ይቀጠራል። መድኃኒቱ ዛሬ መጀመር ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ቢሆንም።

አዲስ ዓመት ሰኞ የሚውለው መቼ ነው?

በ2021 ዓ.ም ነው። አባቶች የሚሠሩበት መንገድ እንዲህ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ 7521 ይሆናል፤ ዓመተ ዓለም ይባላል። ይህን ለ4 ስትካፈሉ 1880 ይደርሳል፣ ትርፉን ተዉት። ሁለቱን ደምሩ፤ 9401። ለ7 ስታካፍሉት ምንም አይተርፍም። 1 ቢተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ እያለ ይሄዳል። ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው።

ከዚያ በፊት መስከረም 1 ሰኞ የዋለው በ2010 ዓ.ም ነበር። 11 ዓመት መቆየቱ አያስገርማችሁ። መስከረም 1 በ2015 እሑድ ነበረ። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስለሆነች 2016 ሰኞን ዘላ ማክሰኞ ላይ አረፈች።

ከመስከረም 1 ተነስቼ ሌላ ቀን ማግኘት እችላለሁ?

በቀላሉ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ እያንዳንዱ ወር ቀኑን በ2 ይገፋል። መስከረም 1 ሰኞ ከሆነ ጥቅምት 1 ረቡዕ፣ ኅዳር 1 ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1 እሑድ፣ ጥር 1 ማክሰኞ ነው። ከጥር 1 ላይ 10 ቀን ጨምሩ፤ የ2021 ጥምቀት ዓርብ ይውላል ማለት ነው። ዓርብም ቢሆን ይበላበታል።